ከሰማያዊው መስመር ወጣ ብዬ

ጃፓን ውስጥ ያለውን የሺማናሚ ካይዶ መንገድ በብስክሌት ለማቋረጥ ጠንካራ ሰው አንድ ቀን ይበቃዋል። መንገዱ ከኦኖሚቺ ከተማ ተነስቶ፣ ስድስት ደሴቶችን በድልድይ እየተሻገረ ኢማባሪ ከተማ ይገባል። 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አስፋልቱ ዳር ለብስክሌተኛ ሰማያዊ መስመር ስለተቀባ ካርታ እንኳን አያስፈልግም። እኔ ግን ሦስት ቀን ነው የፈጀብኝ። ከመስመሩ እየወጣሁ ስለነበር።

ጉዞው በጀልባ ይጀምራል። ከኦኖሚቺ እስከ መጀመሪያው ደሴት ሙካይሺማ አምስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ዩኒፎርም የለበሱ ተማሪዎች ብስክሌታቸውን ይዘው አጠገቤ ቆመዋል። ለእነሱ ይሄ የሰፈር ታክሲ ነው።

ድልድዮቹ ከሥራቸው መርከብ እንዲያልፍ ተብሎ በጣም ከፍ ብለው ነው የተሠሩት። ዳገቱን ስፈራው ነበር። መወጣጫውን ግን ለብስክሌት ብለው ለብቻው አጠማዘውታል፣ አለዝበውታል። ማርሽ ቀንሶ ቀስ እያሉ መርገጥ ነው። ኢንኖሺማ ድልድይ ላይ መኪናው ከላይ፣ ብስክሌቱ ከሥር ነው የሚሄደው። ጎማዎቹ አናቴ ላይ ዱብ ዱብ ይላሉ።

ኢኩቺጂማ የሎሚ ደሴት ነው። ኅዳር ስለነበር ፍሬው ገሚሱ አረንጓዴ፣ ገሚሱ ቢጫ ሆኖ ቅርንጫፉን አጉብጦታል። በአትክልቶቹ መሃል ወደሚያስገባ ቀጭን መንገድ ታጠፍኩ። አንድ አጥር ጥግ የእንጨት መደርደሪያ አለ። ላዩ ላይ በፕላስቲክ የታሰረ መንደሪን፣ ጎኑ ክዳኑ የተሰነጠቀ ቆርቆሮ። ሻጭ የለም። 100 የን ከተትኩ፤ ሳንቲሙ ሌሎች ሳንቲሞች ላይ ሲያርፍ ተሰማኝ። ገበሬው ጠዋት አስቀምጦ ማታ ሊሰበስብ የሄደ ነው። መንደሪኑን ባሕሩ ዳር ካለው ግንብ ላይ ተቀምጬ በላሁት። ልጣጩ ስስ ነው፣ በአንድ እጅ ይላጣል። ጣቶቼ እስከ ማታ ሸተቱ።

ቀጥሎ ያለውን ኦሚሺማን ሰማያዊው መስመር በጠርዙ ብቻ ነክቶት ያልፋል። አብዛኛው ሰው እዚያው ያልፈዋል፤ በጣም ያሳዝናል። ኮረብታውን ተሻግሮ በምዕራብ በኩል ኦያማዙሚ የሚባል ጥንታዊ የሺንቶ፣ ማለትም የጃፓን ነባር እምነት፣ ቤተ መቅደስ አለ። የድሮ ጦረኞች የጦር ልብሳቸውንና ሰይፋቸውን ለዚህ ቦታ ይሰጡ ነበር፤ እስከ ዛሬ ተጠብቆ ይታያል። እኔን ያቆመኝ ግን ግቢው መሃል ያለው የካምፎር ዛፍ ነው። 2,600 ዓመቱ ነው ይሉታል። ግንዱ በገመድ ታጥሯል፣ ቅርፊቱ እንደ ደረቀ ጭቃ ተሰነጣጥቋል። አንዲት አሮጊት አጎንብሰው እጅ ነስተው አለፉ። የአገሬ አብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ያሉት ዛፎች ትዝ አሉኝ፤ እዚያም ማንም መጥረቢያ አያነሳባቸውም።

በመጨረሻው ቀን ኦሺማ ላይ ኪሮ ተራራን ወጣሁ። ከፍታው 300 ሜትር ገደማ ቢሆንም ቀጥ ያለ ዳገት ነው፤ ግማሹን ወርጄ እየገፋሁ ነው የጨረስኩት። ከጫፉ ላይ የኩሩሺማ ድልድዮች ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ሦስት ተንጠልጣይ ድልድዮች ተቀጣጥለው 4 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳሉ። ከሥራቸው ባሕሩ እንደ ወንዝ ይፈሳል፣ ይሽከረከራል።

ብስክሌቱን ኦኖሚቺ ተከራይቶ ኢማባሪ ማስረከብ ይቻላል፤ ስለዚህ ለመመለስ አትቸኩሉ። ኦሚሺማ ላይ አንድ ሌሊት እደሩ። አመሻሽ ላይ የቀን ብስክሌተኞች ሲሄዱ፣ የባሕሩ ዳር መንገድ ለእናንተና መረብ ለሚያጥፉት ዓሣ አጥማጆች ብቻ ይቀራል።