አባቴን ጥምር ኬሞ ያስጀመርንበት መንገድ

የአባቴ ዓይን ቢጫ ሲሆን ሐይቅ ከተማ ያለው ዘመድ ሁሉ «የወፍ በሽታ ነው» አለ። እኔን ያሳሰበኝ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቁሮ ሰገራው መንጣቱ፣ ሌሊቱንም ገላውን ሲያክ ማደሩ ነበር። ደሴ ወስጄ አልትራሳውንድ አስነሳሁት፤ የሐሞት ቱቦው ተዘግቷል። ሲቲ ስካንና ናሙና ተከተሉ። የሐሞት ቱቦ ካንሰር ነው፤ ጉበቱ ላይም ስለተሰራጨ በቀዶ ሕክምና አይወጣም።

ሐኪሙ ጄምሲታቢንና ሲስፕላቲን የተባሉትን የኬሞ መድኃኒቶች አንድ ላይ እንዲወስድ መከረ። ለደከመ ሽማግሌ ሁለት መድኃኒት ለምን? ብዬ ጠየቅኩና ምክንያቱን ፈልጌ አነበብኩ። ኤቢሲ-02 የተባለው የእንግሊዝ ጥናት በ2010 እ.ኤ.አ. ታትሟል። 410 ሕሙማን በዕጣ ተከፍለው እኩሌቶቹ ጄምሲታቢን ብቻ፣ እኩሌቶቹ ሁለቱንም ወሰዱ። ብቻውን ከወሰዱት ግማሾቹ ከ8.1 ወር በላይ ኖሩ፤ ሁለቱን ከወሰዱት ግማሾቹ ከ11.7 ወር በላይ። ከባድ የጎንዮሽ ጉዳት በሁለቱም ወገን ተቀራራቢ ነው፤ የነጭ ደም ሴል ማነስ ግን በጥምሩ በዝቷል። በ2022 እ.ኤ.አ. ደግሞ ዱርቫሉማብ የተባለ፣ ሰውነት ራሱ ካንሰሩን እንዲዋጋ የሚያግዝ መድኃኒት ሲጨመርበት የተሻለ ውጤት ታይቷል፤ እኛ ግን አላገኘነውም።

ወንድሞቼ «አይነገረው» አሉ። እኔ አልተስማማሁም፤ መርፌው የሚወጋው እሱን ነው። «አባ፣ ከሥሩ አይነቅለውም፤ ወራት ግን ሊጨምርልህ ይችላል» አልኩት። ዝም ብሎ ቆየና «ለመኸሩ ካደረሰኝ ምን ከፋኝ? አብሽሩ፣ ጀምሩልኝ» አለ።

ወዲያው ግን አልተጀመረም። ጥናቱ ራሱ ቢሊሩቢናቸው (ዓይንን ቢጫ የሚያደርገው በደም ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር) ከጤናማው ጣሪያ ከ1.5 እጥፍ ያለፈባቸውን አልተቀበለም። ስለዚህ አዲስ አበባ ሄደን በኢንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው መሣሪያ፣ ሐሞቱ እንዲፈስ ስቴንት የሚባል ትንሽ ቱቦ አስገባንለት። ቢጫው እስኪለቅ መጠበቁ ከሁሉም ከበደኝ፤ ካንሰሩ እያደገ ዝም ብለን የተቀመጥን መሰለኝ። ግን ተገቢ ነበር።

መድኃኒቱ የሚሰጠው በ21 ቀን ዙር ውስጥ በመጀመሪያውና በስምንተኛው ቀን ነው፤ ቢበዛ ስምንት ዙር። ሲስፕላቲን ኩላሊት ስለሚጎዳ ፈሳሽ አብሮ በደም ሥር ይገባል። ነርሷ ሁልጊዜ እጁን በሞቀ ፎጣ ጠቅልላ ደም ሥሩ እስኪነሳ ትጠብቅለታለች። እኔ የደም ምርመራውን ቁጥሮች በደብተር እጽፋለሁ፦ ነጭ ደም ሴል፣ ፕላትሌት (ደም የሚያረጋው)፣ ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሁኔታ የሚያሳየው)፣ ቢሊሩቢን። ነጭ ደም ሴሉ አንሶ መድኃኒቱ የሚሰጥበት ቀን ሲራዘምብን ቤተሰቡ ተስፋ ቆረጠ። እኔ ጥናቱን አስታውሼ አረጋጋኋቸው፤ ጥምሩን ከወሰዱት ከአራቱ አንዱ ያህል ከባድ ማነስ ገጥሞታል።

አስታማሚ ከሆናችሁ ከምንም በላይ ትኩሳትን አትናቁ። ስቴንት ያለበት ሰው ሐሞቱ ሊመረዝ ይችላል፤ ኬሞ ላይ ሲሆን ደግሞ ሰውነቱ የሚከላከልበት አቅም ይዳከማል። የባጃጅ ሾፌር ስልክና ገንዘብ አስቀድሜ አዘጋጅቼ ነበር። አንድ ሌሊት ጥርሱ እስኪንቀጫቀጭ አንዘፈዘፈው። እናቴ ፌጦ ልትበጠብጥለት ተነሳች፤ «እማ፣ አሁን አይሆንም» ብዬ ይዤው ወጣሁ። በደም ሥር አንቲባዮቲክ ጀመሩለትና ተረፈ።

አሁን ዙሮቹ ሊያልቁ ጥቂት ቀርቷል። ማሽላውን አስገብቷል። ሰሞኑን ጆሮው ይጮህ ጀምሯል፤ ይሄም ከሲስፕላቲን ሊመጣ ይችላል። ሰኞ ሐኪሙን የምጠይቀውን ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፦ ሲስፕላቲኑን አቁመን በጄምሲታቢን ብቻ እንቀጥል ወይ?