ኔትወርኩ ላይ ሁለተኛ ዲኤችሲፒ ሲገባ

ዲኤችሲፒ፣ ማለትም ለኮምፒውተሮች የኔትወርክ አድራሻ የሚያድለውን አገልግሎት፣ መዘርጋቱ ራሱ ቀላል ነው። ከ192.168.10.50 እስከ 192.168.10.220 ያለውን ለእደላ መደብኩ፤ ከ50 በታች ያለውን ለራውተር፣ ለስዊችና ለሰርቨር አስቀረሁ። ጌትዌይና (ወደ ውጭ የሚያወጣው በር) ዲኤንኤስ (ስምን ወደ አድራሻ የሚቀይረው) ሞላሁ፤ አለቀ።

መከራው የሚመጣው አንድ ሰው ዋይፋይ እንዲደርሰው ብሎ ትንሽ ራውተር አምጥቶ የግድግዳውን ኬብል ላን ፖርቱ ላይ ሲሰካው ነው። እነዚህ ራውተሮች ከፋብሪካ ሲወጡ ዲኤችሲፒያቸው ክፍት ስለሆነ ያ ራውተርም ለሁሉም ማደል ይጀምራል።

ምልክቱ ያደናግራል፤ ግማሹ ሰው ይሠራል፣ ግማሹ አይሠራም። አድራሻ የሌለው ኮምፒውተር በዩዲፒ ፖርት 67 ለሁሉም ጥያቄ ይበትናል፤ አብዛኛውን ጊዜም ቀድሞ የደረሰውን መልስ ይይዛል። ዋናው ሰርቨር አድራሻው መያዙን በፒንግ እንዲያጣራ ከተደረገ፣ እስኪያጣራ ድረስ ትንሹ ራውተር ይቀድመዋል። ሊዝ (ለተወሰነ ጊዜ የተሰጠ አድራሻ) ያለው ማሽን ግን ጊዜው ሲጋመስ የሚያድሰው ከሰጠው ሰርቨር ጋር በቀጥታ ተነጋግሮ ስለሆነ አይነካም። ጠፍቶ ሲበራ ነው የሚያዘው፤ የቀድሞ አድራሻውን ለሁሉም እያሰማ ሲጠይቅ ትንሹ ራውተር «አይሆንም» ሊለው ይችላል። «እስቲ አጥፍታችሁ አብሩት» የሚሉ የድጋፍ ሠራተኞች የሚያናድዱኝ ለዚህ ነው፤ ደህና የነበረውንም ያስበሉታል።

ጥፋተኛውን ያገኘሁት እንዲህ ነው። ችግር ባለበት ማሽን ላይ አይፒኮንፊግ ስላሽ ኦል ብሎ የዲኤችሲፒ ሰርቨር የሚለውን መስመር ማየት፤ 192.168.10.2 መሆን ሲገባው 192.168.0.1 ይላል። በአርፕ ሰንጠረዥ (አድራሻና ማክ ተጣምረው በሚመዘገቡበት) የዚያን አድራሻ ማክ (የመሣሪያውን የኔትወርክ ካርድ መለያ) ወስዶ ስዊቹ የማክ ሰንጠረዥ ውስጥ መፈለግ። ፖርቱ ላይ ብዙ ማክ ከተደረደረ ወደ ሌላ ስዊች የሚሄድ መስመር ሊሆን ይችላልና እዚያም ይቀጥላል። የተገኘውን ፖርት መዝጋት ብቻውን አይበቃም፤ የተሳሳተ አድራሻ የያዙት ሁሉ ለቀው እንደገና መጠየቅ አለባቸው። በ169.254 የሚጀምር አድራሻ ካያችሁ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው፤ ማንም ሰርቨር አልመለሰም ማለት ነው።

መከላከያው ስዊች ላይ ዲኤችሲፒ ስኑፒንግ (ካልታመነ ፖርት የሚመጣን የዲኤችሲፒ ሰርቨር መልስ የሚያግድ) ማብራት ነው። ወደ ሰርቨሩ የሚወስዱትን ፖርቶች፣ ስዊች ከስዊች የሚያገናኙትንም ጭምር፣ «የታመነ» ማለት አትርሱ፤ አንዷ ከተረሳች ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ አድራሻ ያጣል። አንዳንድ ስዊች ስኑፒንግ ሲበራ ጥያቄው ላይ ኦፕሽን 82 (ጥያቄው በየትኛው ፖርት እንደመጣ የሚገልጽ መረጃ) ይጨምራል፤ ይህን አይቶ ጥያቄውን የሚጥል ሰርቨር ወይም ራውተር አለ። ስኑፒንግ እንደበራ እደላው ከቆመ መጀመሪያ ይህን ጭማሪ አጥፉ።

በሊዝ ርዝመት ጉዳይ ሰርቨሩ ይዞት የሚመጣውን መነሻ ለሁሉም ቦታ አልቀበልም። የዊንዶውስ ሰርቨር የ8 ቀን መነሻ ለቢሮ ኮምፒውተር ይሁን፤ ለእንግዳ ዋይፋይ ግን ስልኮች የዘፈቀደ ማክ ስለሚጠቀሙ 171 አድራሻ ቶሎ ያልቃል። እዚያ 4 ሰዓት አደርጋለሁ። ለፕሪንተርም አድራሻውን ማሽኑ ላይ በእጅ ከመጻፍ ይልቅ ሰርቨሩ ላይ በማኩ አስይዛለሁ፤ ዲኤንኤስ ሲቀየር እየዞሩ ከማስተካከል ያድናል።