ቀንሶ ማባዛትና አባዝቶ መቀነስ፦ ስለ መስመራዊ ፋንክሽኖች ግራፍ

በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ወዲህ፣ ተማሪዎች በትክክል ሠርተውት ሳይገባቸው የሚያልፉት ርዕስ የትኛው ነው ብባል የፋንክሽኖች ኮምፖዚሽን ነው እላለሁ። ፋንክሽን የሚሰጠውን ቁጥር በተወሰነ ደንብ ወደ ሌላ ቁጥር የሚለውጥ ነው፤ ኮምፖዚሽን ደግሞ የአንዱን ውጤት ለሌላው መነሻ ማድረግ ነው። ሁለት መስመራዊ (ግራፋቸው ቀጥታ መስመር የሆነ) ፋንክሽኖች ተሰጥተው አንዱን በሌላው ውስጥ አስገቡ ሲባሉ፣ ቅንፉን ፈትተውና ተመሳሳዮቹን ደምረው መልሱን ያወጣሉ፤ ያ መልስ በግራፍ ላይ የትኛው መስመር እንደሆነና ከተገኘባቸው ከሁለቱ መስመሮች ጋር ምን ዝምድና እንዳለው ሲጠየቁ ግን ዝም ይላሉ። ጥፋቱ የእነርሱ አይመስለኝም። ግራፉን በአንድ ምዕራፍ፣ ኮምፖዚሽኑን በሌላ ምዕራፍ እያስተማርን፣ ሁለቱን የምናገናኝበት ክፍለ ጊዜ ሳናገኝ ዓመቱ ያልቃል።

ስለዚህ አሁን አሁን ከግራፍ ወረቀት እጀምራለሁ። ሦስት መስመሮች እናሰምራለን። የመጀመሪያው በ(0፣ 0)፣ በ(1፣ 1) እና በ(2፣ 2) የሚያልፈው፣ አግድሙና ቋሚው ቁጥር እኩል የሚሆኑበት ሰያፍ መስመር ነው፤ እኔ «የእኩልነት መስመር» እለዋለሁ። ሁለተኛው በተሰጠው ቁጥር ላይ 2 የሚጨምረው ነው፤ ቋሚውን ዘንግ በ2 ቆርጦ ከእኩልነት መስመር ጋር ትይዩ ሆኖ ይወጣል። ሦስተኛው በ2 የሚያባዛው ነው፤ ከ(0፣ 0) ተነሥቶ ወደ ቀኝ አንድ ካሬ በሄደ ቁጥር ሁለት ካሬ ወደ ላይ ይወጣል። ለአንድ ቀጥታ መስመር ሁለት ነጥብ ይበቃል፤ ሆኖም ሦስተኛ ነጥብ እንዲጨምሩ ተማሪዎቼን አጥብቄ እጠይቃለሁ፣ ምክንያቱም ሦስቱ ነጥቦች በአንድ ማስመሪያ ላይ አልሰለፍ ካሉ ከስሌቶቹ አንዱ መሳሳቱ ወዲያው ይታወቃል።

አሁን መጀመሪያ 2 ጨምረን ቀጥሎ በ2 እናባዛ። በአግድሙ ዘንግ ላይ ከ1 ተነሥተን ቀጥ ብለን ስንወጣ የሚጨምረውን መስመር በ(1፣ 3) እናገኘዋለን። ይህ 3 ለሁለተኛው ፋንክሽን መነሻ መሆን አለበት፤ ነገር ግን በእጃችን ያለው 3 ከፍታ ነው፣ መነሻ ደግሞ የሚነበበው በአግድም ነው። የእኩልነት መስመር የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው። ከ(1፣ 3) ተነሥተን በአግድም ወደ እርሱ ስንሄድ (3፣ 3) ላይ እንደርሳለን፤ ከፍታ የነበረው 3 አግድም ሆነ ማለት ነው። ከዚያ ቀጥ ብለን ወደሚያባዛው መስመር ስንወጣ (3፣ 6) እናገኛለን፤ በዚያው ከፍታ ወደ መነሻችን ትክክል ስንመለስ ደግሞ (1፣ 6) ላይ እናርፋለን። አራቱ ነጥቦች ሬክታንግል ሠሩ። ሦስቱ ማዕዘኖች በሦስቱ መስመሮች ላይ ያርፋሉ፤ አራተኛው ማዕዘን የጥምሩ ፋንክሽን ነጥብ ነው። ከ2 ተነሥተን ብንደግመው (2፣ 8) ይወጣል፤ ሁለቱን ነጥቦች በማስመሪያ ስናገናኛቸው ቋሚውን ዘንግ በ4 የሚቆርጥ፣ ተዳፋቱ (ወደ ቀኝ አንድ ካሬ ሲሄድ የሚወጣው ከፍታ) 2 የሆነ መስመር እናያለን። አንድም ቅንፍ አልፈታንም።

ቅደም ተከተሉን ገልብጠን መጀመሪያ ብናባዛና ኋላ ብንጨምር፣ በተመሳሳይ መንገድ (1፣ 4) እና (2፣ 6) እናገኛለን። አንዲት ተማሪ ሁለቱን ጥምር መስመሮች በስኩዌር ደብተሯ ላይ በሁለት ቀለም አስምራ ስታበቃ ማስመሪያዋን ከአንዱ ወደ ሌላው አንሸራተተችና «ቲቸር፣ ሁልጊዜ ትይዩ ናቸው እንዴ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለዚያ ቀን ያዘጋጀሁትን ትቼ የቀረውን ክፍለ ጊዜ በሙሉ ለጥያቄዋ ሰጠሁት።

መልሱ አዎ ነው። ዋ የሚገባው ቁጥር፣ ሀ፣ ለ፣ መ እና ሰ ደግሞ የማይለወጡ ቁጥሮች ሆነው፣ የመጀመሪያው ፋንክሽን ሀ × ዋ + ለ፣ ሁለተኛው መ × ዋ + ሰ ይሁን። የመጀመሪያውን ሠርተን ውጤቱን ለሁለተኛው ስንሰጥ መ × ሀ × ዋ + መ × ለ + ሰ እናገኛለን፤ ስንገለብጠው ሀ × መ × ዋ + ሀ × ሰ + ለ ይሆናል። ተዳፋቶቹ ተባዝተዋል፤ ማባዛት ደግሞ ቦታ ቢለዋወጥ ውጤቱ አይለወጥምና ሁለቱም መስመሮች አንድ ዓይነት ተዳፋት አላቸው። የሚለያዩት ቋሚውን ዘንግ በሚቆርጡበት ቦታ ብቻ ነው። ቅደም ተከተል የሚያመጣው ልዩነት መነሻው ቁጥር ምንም ይሁን ምን የማይለወጥ ቋሚ መጠን ነው፤ ይህን በቃል መቶ ጊዜ ከምናገር ሁለቱ መስመሮች ጎን ለጎን ሲሄዱ አንድ ጊዜ ማሳየት ይሻላል።

ይህ ቋሚ መጠን በብር ሲመነዘር የበለጠ ግልጽ ይሆናል። ቫት 15 በመቶ ነው። አንድ ዕቃ ቫት ሳይጨመርበት ዋጋው ዋ ብር ሆኖ፣ ሱቁ የ100 ብር ቅናሽ አደረገ እንበል። ቅናሹ ቅ(ዋ) = ዋ − 100 ነው፤ ቫቱ ቫ(ዋ) = 1.15 × ዋ ነው። ቅናሹ ቀድሞ ቫቱ ከተከተለ ሒሳቡ 1.15 × ዋ − 115 ይሆናል፤ ቫቱ ከቀደመ 1.15 × ዋ − 100 ይሆናል። ዋጋው 1000 ብር ከሆነ በመጀመሪያው መንገድ 1035፣ በሁለተኛው 1050 ብር ይከፈላል፤ ዋጋው 2000 ብር ከሆነ ደግሞ 2185 እና 2200 ብር። ልዩነቱ በሁለቱም 15 ብር ነው፤ በ10,000 ብር ዕቃ ላይም ያው 15 ብር ነው። ቅናሹ 100 ብር መሆኑ ቀርቶ 10 በመቶ ቢሆን ግን ልዩነቱ ጨርሶ ይጠፋል፤ 0.9 × 1.15 ከየትኛው ወገን ብንጀምር 1.035 ነውና።

በዚህ አጋጣሚ ስለ አጻጻፉ አንድ ነገር ማንሣት እወዳለሁ። ቫ(ቅ(ዋ)) ተብሎ ሲጻፍ ዓይናችን መጀመሪያ የሚያገኘው ቫን ነው፤ ቀድሞ የሚሠራው ግን ለዋ የቀረበው ቅ ነው። ብዙ ተማሪዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። አማርኛችን ግን ድርጊቱን በተፈጸመበት ቅደም ተከተል ያስኬደዋል፦ «መቶ ቀንሶ በ1.15 አባዛ» እና «በ1.15 አባዝቶ መቶ ቀነሰ» የሚሉትን ሁለቱን የሚያምታታ ተማሪ እስካሁን አላጋጠመኝም። ትምህርቱ የሚሰጠው በእንግሊዝኛ ቢሆንም፣ ቀመሩን ከመንካታቸው በፊት በዚህ መልክ በአማርኛ እንዲናገሩት አደርጋለሁ፤ በፈተና ወረቀታቸው ላይም ለውጡን አይቻለሁ።

ወደ ተማሪዋ ጥያቄ ልመለስ፤ ጥያቄው ሌላ ጥያቄ ወልዷልና። ሁለቱ ትይዩ መስመሮች አንድ ላይ የሚገጥሙት መቼ ነው? መልሱ ያለው በእኩልነት መስመር ላይ ነው። አንድ ፋንክሽን ይህን መስመር የሚያቋርጥበት ነጥብ፣ የገባው ቁጥር ሳይለወጥ የሚወጣበት ነጥብ ነው። ሁለቱ ፋንክሽኖች የእኩልነትን መስመር በአንድ ነጥብ ላይ የሚያቋርጡት ከሆነ፣ ያ ቁጥር በየትኛውም ቅደም ተከተል ሳይለወጥ ያልፋል፤ ትይዩ የነበሩት ጥምር መስመሮች የጋራ ነጥብ አገኙ ማለት ነው፣ የጋራ ነጥብ ያላቸው ትይዩ መስመሮች ደግሞ አንድ መስመር ናቸው። ለምሳሌ 2 × ዋ − 3 እና 3 × ዋ − 6 ሁለቱም የእኩልነትን መስመር በ(3፣ 3) ያቋርጣሉ፤ በየትኛውም ብንጀምር ጥምራቸው 6 × ዋ − 15 ነው። የ10 በመቶው ቅናሽና ቫቱ የሚገናኙት በ(0፣ 0) ነው። የ100 ብሩ ቅናሽ ግን ከእኩልነት መስመር ጋር ትይዩ ስለሆነ ከቶ አያገኘውም፤ ያቺ 15 ብር የማትጠፋው በዚህ ምክንያት ነው። እርግጥ ሁለቱም ፋንክሽኖች ቁጥር መደመር ወይም መቀነስ ብቻ ከሆኑ፣ የእኩልነትን መስመር ባያገኙትም ቅደም ተከተሉ ለውጥ አያመጣም።

ከሁሉ የምወደው ምሳሌ የሙቀት መጠን ነው። ከሴልሺየስ ወደ ፋራናይት ለመሄድ በ1.8 አባዝቶ 32 መጨመር ነው፤ ለመመለስ 32 ቀንሶ በ1.8 ማካፈል። ሁለቱም መስመሮች የእኩልነትን መስመር የሚያገኙት ከዜሮ በታች 40 ላይ ነው፤ በዚያ ቅዝቃዜ ሁለቱም መለኪያዎች አንድ ቁጥር ያነብባሉ። አንዱ ሌላውን ስለሚያፈርሰውም ጥምራቸው በየትኛውም ቅደም ተከተል ራሱ የእኩልነት መስመር ነው።

አሜሪካ የምትኖረው እኅቴ በበጋ «ዛሬ 95 ሆነ» ብላ ስትደውል እናቴ ትደነግጥ ነበር። በ(0፣ 32) እና በ(100፣ 212) የሚያልፈውን መስመር በትልቅ ግራፍ ወረቀት ላይ አስምሬ ስልኩ አጠገብ ለጠፍኩላት። አሁን ቋሚው ዘንግ ላይ 95ን ትፈልጋለች፣ ጣቷን በአግድም እስከ መስመሩ ትወስዳለች፣ ከዚያም ቀጥ አድርጋ ወደ ታች ታወርደዋለች። «35 ነው፤ እንደ ድሬዳዋ ነዋ!» ትላታለች።