«ተረጋግጧል» ብለን የላክነው መልእክት

ክረምቱ ሊገባ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ደሴ ላይ ቆርቆሮ የሚቸረችሩ አንድ አባት አይሱዙ ተከራይተው፣ ሐረጎን ወርደው ኮምቦልቻ መጋዘናችን ደረሱ። ስልካቸው ላይ «የ150 ቆርቆሮ ትእዛዝዎ ተረጋግጧል» ይላል። መጋዘን ውስጥ ያለው 40 ነበር።

«ልጄ፣ ተረጋግጧል ያላችሁኝ እናንተው አይደላችሁም?» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ። ፕሮግራሙን የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ሥራው ለሁለት ላምዳ (አማዞን ደመና ላይ ሲጠሩት ብቻ የሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም) የተከፈለ ነው፤ አንዱ ትእዛዝ ይቀበላል፣ ሌላው የመጋዘኑን ቀሪ ያያል። ዕቃ ሲያንስ ሁለተኛው ራሴ የሠራሁትን «ዕቃ አይበቃም» የሚል ኤረር (የስህተት ምልክት) ይወረውር ነበር፤ የመጀመሪያው ይይዘዋል፣ ማለትም ተቀብሎ ተገቢውን ያደርጋል ብዬ ነበር። ላፕቶፔ ላይ ሁለቱን በአንድ ፕሮግራም ስሞክራቸው በደንብ ይይዘው ነበር።

ሎጉን (የፕሮግራሙን የሥራ መዝገብ) ስከፍት ኤረሩ ተወርውሯል። ትእዛዝ ተቀባዩ ጋ የደረሰው ግን 200 ነው፤ በኤችቲቲፒ (የድር መልእክት መለዋወጫ ደንብ) «ደህና ነው» የሚል ቁጥር። አንድ ላምዳ ሌላውን በቀጥታ ጠርቶ መልስ ሲጠብቅ፣ የተጠራው ኮድ ቢወድቅም የኤችቲቲፒ ቁጥሩ 200 ነው፤ ጥሪው ደረሰ ማለት እንጂ ሥራው ተሳካ ማለት አይደለም። መውደቁ የሚታወቀው «ፈንክሽን ኤረር» በሚባል ሌላ መስክ ነው። እኔ የማየው ቁጥሩን ብቻ ነበር።

መስኩንም ማየት ጀመርኩ፤ አሁንም አልተያዘም። ለካ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሻገረው ኤረሩ ራሱ ሳይሆን ጄሶን (ዳታ የሚጻፍበት ተራ ጽሑፍ) ነው፦ የዓይነቱ ስም፣ መልእክቱ፣ የወደቀበት መስመር። ክላሱ (ኤረሩ የተሠራበት ንድፍ) እዚያው ይቀራል፤ «ይህ ኤረር የዚያ ክላስ ነው ወይ?» ተብሎ ሲጠየቅ መልሱ ሁልጊዜ «አይደለም» ነው። ኖድ (የጃቫስክሪፕት ማስኬጃ) ላይ ደግሞ የኤረሩን የስም መስክ ራስዎ ካልሞሉት ዓይነቱም ተራ «ኤረር» ሆኖ ይመጣል። ከሁሉ ያንገበገበኝ ግን ከኤረሩ ጋር ያያያዝኩት «ቀሪ 40» መንገድ ላይ መጥፋቱ ነው። ለእኒያ አባት የሚጠቅማቸው እሱ ነበር፤ 40ውን ይዘው የጎደለውን እዚያው ደሴ ይፈልጉ ነበር።

አሁን ዕቃ ሲያንስ ላምዳው አይወድቅም። «አልተሳካም» የሚል ምልክት፣ የማይለወጥ ኮድና ቀሪውን ቁጥር በተራ መልስ ይልካል። ኤረር መወርወር የቀረው ዳታቤዝ ሲቋረጥና እንዲህ ላለው እውነተኛ ብልሽት ብቻ ነው። ሙከራውንም ሁለቱን ለየብቻ ጭኜ፣ አንዱ ሌላውን በእውነት እንዲጠራ አድርጌ ነው የማካሂደው።

እኒያ አባት በቀደም 80 አዘዙ። «65 ብቻ አለ፤ ይያዝልዎ?» የሚል መልእክት ደረሳቸው፣ አይሱዙ ሳይከራዩ።