የእጅ ፍሬን ሲላላ ካቦውን መወጠር የመጨረሻው ሥራ ነው

የምኖረው አዳማ ሲሆን ሥራዬ ብዙ ጊዜ ወደ አሰላ ያመላልሰኛል። ከአሰላ በኢተያና በዴራ በኩል ወደ አዳማ የሚመለስ መኪና ከ700 ሜትር በላይ ከፍታ ስለሚወርድ፣ የፍሬን ሸራን (እየተፋተገ መኪናውን የሚያቆመውን ክፍል) ዕድሜ የሚወስነው ከጋራዡ ይልቅ አነዳዱ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ እቀንሳለሁ፤ ፍጥነቱ ሲጨምር ፍሬኑን ጠበቅ አድርጌ ይዤ እለቃለሁ እንጂ እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳርፌ አልወርድም። ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት መኪናን ማቆም ከ40 ከማቆም አራት እጥፍ ሙቀት ስለሚፈጥር፣ ከባጃጆቹ መካከል ስገባም አስቀድሜ ነዳጅ መስጠቴን አቆማለሁ። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሽ አውጥቶ (ፍሪ አድርጎ) ቁልቁለት መውረድን በፍጹም አልደግፍም።

በቅርቡ የእጅ ፍሬኑ ከወትሮው ብዙ ካልተሳበ አልይዝ ሲል፣ መካኒኩ «ጋሼ፣ ካቦውን ወጠር እናድርገው» አለኝ፤ ካቦ የእጅ ፍሬኑን ከኋላ ፍሬን ጋር የሚያገናኘው የሽቦ ገመድ ነው። እኔ ግን መጀመሪያ ታምቡሩ፣ ማለትም ሸራውን ሸፍኖ ከጎማው ጋር የሚዞረው ክብ ብረት፣ እንዲከፈት ጠየቅሁ። የኋላ ፍሬኑ ባለታምቡር በሆነ መኪና የእጅና የእግር ፍሬን የሚሠሩት በአንድ ሸራ ነው፤ ሸራው ሲሳሳ ከታምቡሩ ጋር ያለው ክፍተት ይሰፋል። ይህን ትቶ ካቦውን መወጠር ሸራው ታምቡሩን እየነካ እንዲያልቅ ከማድረጉም በላይ፣ ክፍተቱን በራሱ የሚያጠበውን የውስጥ ማስተካከያ ሥራ ያውካል።

የፊት ጎማዎቹን ታኮ አድርገን፣ ካቦውን አላልተን ታምቡሩን ስናወጣው፣ የአዳማ ነፋስ ያስገባው ደቃቅ አቧራ ከሸራው ብናኝ ጋር ተጋግሮ ባለጥርሱን የማስተካከያ ብሎን አስሮት አገኘነው። የአሮጌ ሸራ ብናኝ አስቤስቶስ ሊኖረው ስለሚችል በኮምፕሬሰር እንዲነፋ አልፈቀድኩም፤ በውሃ አርሰን በጨርቅ ጠረግነው። ሸራው ገና የሚያገለግል ስለነበረ አልተቀየረም። ብሎኑን አጽድተን፣ ሸራውን ሳናስነካ ስስ ግራሶ ቀባነው። ታምቡሩን ከመለስን በኋላ ማስተካከያውን ጎማው በእጅ ሲዞር ፍግፍግታ እስኪሰማ ድረስ አጥብቀን ጥቂት መለስ አደረግነው። ካቦው የተወጠረው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ የእጅ ፍሬኑ ሲለቀቅ ጎማዎቹ በነፃነት መዞራቸውንም አረጋገጥን። የእጅ ፍሬኑ ሲሳብ በስንት ጥርስ (ቀጭ በሚል ድምፅ) መያዝ እንዳለበት የየመኪናው መመሪያ የሚወስነው ቢሆንም፣ በብዙዎቹ ከ5 እስከ 8 ነው።

መኪና ሳቆም የእግር ፍሬኑን እንደያዝኩ የእጅ ፍሬኑን እስባለሁ፤ ከዚያ እግሬን ለቅቄ ክብደቱ ሸራው ላይ ካረፈ በኋላ ማርሽ አስገባለሁ። የእጅ ፍሬናቸው የኋላ ዲስኩን ቆንጥጦ የሚይዝ መኪኖች ያሏቸው ሰዎች ደግሞ ከቁልቁለት በኋላ ወዲያው ሲያቆሙ፣ የጋለው ዲስክ ቀዝቅዞ ሲኮማተር አያያዙ ሊላላ ስለሚችል፣ ጥቂት ቆይተው እንደገና ሊስቡትና ጎማውን ታኮ ሊያደርጉ ይገባል።