ሦስተኛ ሳምንት፦ ቀኑን ከኋላ መቁጠር

ሰላም ጓደኞቼ። የሥነ ተዋልዶ ምዕራፉን ከጀመርኩ ይኸው ሦስተኛ ሳምንቴ ነው። ባለፈው «ኦቭዩሌሽን (የሴቷ እንቁላል የምትወጣበት ጊዜ) ማለት ወር አበባ ከጀመረበት ቀን ሲቆጠር 14ኛው ቀን ነው» ብዬ የጻፍኩላችሁን ሰርዙልኝ፤ ተሳስቻለሁ።

ስህተቴን ያወቅኩት በአክስቴ ልጅ ምክንያት ነው። የወር አበባዋ የሚመጣው በ35 ቀኑ ነው። ልጅ ፈልጋ በየወሩ 14ኛውን ቀን ስትጠብቅ ከርማለች፤ እንዲያ ያልኳት ደግሞ እኔ ነኝ፣ ሳስበው አሁንም ያንገበግበኛል። ለካ የሚቆጠረው ከኋላ ነው። እንቁላሏ ከወጣች በኋላ የሚቀጥለው ወር አበባ እስኪመጣ ያለው ጊዜ በአብዛኛው 14 ቀን አካባቢ ነው፣ ብዙም አይዋዥቅም። የሚረዝመውና የሚያጥረው ከዚያ በፊት እንቁላሏ ኦቫሪ (የእንቁላል ማምረቻው የሰውነት ክፍል) ውስጥ የምትበስልበት ጊዜ ነው። ስለዚህ ለእሷ 21ኛው ቀን ግድም ይሆናል። እሱም ግምት ነው፤ ዑደቷ ከወር ወር ለሚዘበራረቅባት ሴት ጭራሽ አይሠራም።

ቅዳሜ ጠዋት ዓሣ ልገዛ ጣና ዳር ወረድኩ። ሰኔ አይደል፣ አንዷ አምባዛ ስትሰነጠቅ ሆዷ እንቁላል ብቻ ነው። «እትዬ፣ እባክዎ ትንሽ ይስጡኝ» ብዬ በፌስታል ይዤ መጣሁና አንዷን ፍሬ ነጭ ወረቀት ላይ ከጤፍ ጎን አስቀመጥኳት። እኩያ ናቸው ማለት ይቻላል፣ አንድ ሚሊ ሜትር አለፍ ቢሉ ነው። የሰው እንቁላል ግን 0.1 ሚሊ ሜትር ገደማ ናት። ጤፏን አሥር ቦታ ቆርጣችሁ አንዷን ቁራጭ አስቡ! አምባዛ በሺዎች የሚቆጠር እንቁላል ውሃ በሸፈነው ሣር መሃል ትጥላለች፣ ወንዱም ዘሩን እዚያው ውሃው ውስጥ ይለቃል። በሰው ኤል ኤች የሚባለው ሆርሞን ድንገት ከፍ ይልና ከ36 ሰዓት ገደማ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ አንዲት እንቁላል ብቻ ትወጣለች።

እንቁላሏና የወንዱ ዘር የሚገናኙትም ማህፀን ውስጥ ይመስለኝ ነበር። አይደለም፣ የማህፀን ቱቦ ውስጥ ነው፣ ሰፋ ባለው ክፍሉ። እንቁላሏ የምትቆየው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ነው፤ የወንዱ ዘር ግን እስከ 5 ቀን ሊቆይ ይችላል። ስለዚህ ዋናዎቹ ቀናት እንቁላሏ ከመውጣቷ በፊት ያሉት ናቸው።

በጣም የገረመኝን ልንገራችሁ። እንቁላሏ መከፋፈል የምትጀምረው ሴቷ ገና በእናቷ ማህፀን ሳለች ነው፤ ከዚያ ለዓመታት ቆማ ትጠብቃለች። የምትጨርሰው የወንዱ ዘር ሲገባባት ብቻ ነው። ወዲያው ሽፋኗ ይለወጥና ሌላ አታስገባም። ይህችን አንቀጽ አራት ጊዜ አነበብኳት።

ማታ ለአክስቴ ልጅ ደወልኩላት። አልተቆጣችኝም። «እና ሰባት ቀን ስቸኩል ነበር በለኛ» አለችኝ። ዓመት ስላለፋቸው ግን እሷም ባለቤቷም አብረው ሐኪም እንዲያዩ ነግሬያታለሁ፣ ሰኞ ይሄዳሉ። እኔ በሚቀጥለው ሳምንት ፅንሱ ማህፀን ግድግዳ ላይ እንዴት እንደሚጣበቅ እጀምራለሁ፤ ጥሩ ሥዕል ያላችሁ ላኩልኝ።