መጽሐፍ ይከብዳል

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ባለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ነው የምሠራው። ባለፈው ዓመት እድሳት ተጀመረ። ሕንፃው አርጅቷል፣ ጣሪያው ያፈሳል፣ ተማሪውም በዝቷል። ዛሬ ሁሉም ላፕቶፕና ስልክ ይዞ ነው የሚመጣው፤ ሶኬት ያለው ግን ግድግዳ ሥር ብቻ ነው። ማታ ማታ ብትመጡ መሀል ያሉት ጠረጴዛዎች ባዶ ናቸው፤ ልጆቹን ጋቢያቸውን ተከናንበው ግድግዳውን ይዘው ወለል ላይ ተኮልኩለው ታገኟቸዋላችሁ። ከደብረ ብርሃን እስከ ጣርማበር ያለውን የታኅሣሥ ውርጭ የሚያውቅ ሰው፣ ሲሚንቶ ላይ ተቀምጦ ማጥናት ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል።

የመጣው እቅድ መጻሕፍቱ በሙሉ ወደ ላይኛው ፎቅ ይውጡ፣ የታችኛው አዳራሽ ለኮምፒውተርና ለቡድን ጥናት ይለቀቅ የሚል ነበር። ወረቀት ላይ ያምራል። ላይኛው ፎቅ ግን ድሮ መማሪያ ክፍል ነበር። ይህን ያነሳ ሰው አልነበረም።

ማጓጓዙ ተጀመረ። መደርደሪያው እስኪገጠም የቀን ሠራተኞቹ ካርቶኖቹን አንድ ክፍል መሀል ቆለሏቸው። በማግስቱ ጠዋት የጽዳት ሠራተኛዋ መጡና "ልጄ፣ የታችኛው የዕቃ ክፍል በር አልዘጋ አለኝ፤ ትናንት እኮ በአንድ ጣት ነበር የሚዘጋው" አሉኝ። ሄጄ አየሁት። የበሩ ራስ ከመቃኑ ጋር ተጣብቋል፣ ከበሩ በላይ ግድግዳው ላይ አዲስ ስንጥቅ አለ። ካርቶኖቹ የተቆለሉት ልክ ከዚያ ክፍል በላይ ነው።

ፎርማኑን ጠራሁት። "ወረቀት እኮ ነው፣ ምን ይከብዳል? በሩ እርጥበት ጠጥቶ ነው" አለኝ። በሩ ብረት ነው!

ሥራውን አስቆምን። ከተማሪዎች ምግብ ቤት ሚዛን አስመጥተን አንድ ሜትር መደርደሪያ የሚሞላ የምህንድስና መጽሐፍ ስንመዝን 30 ኪሎ አለፈ። በሁለቱም ፊት ስድስት ስድስት ደረጃ ያለው የአንድ ሜትር መደርደሪያ ሲሞላ፣ የራሱ ብረት ሳይቆጠር፣ ቢያንስ 360 ኪሎ ነው ማለት ነው።

የስትራክቸር፣ ማለትም ሕንፃው የሚሸከመውን ክብደት የሚያሰላ፣ መሐንዲስ ተጠርቶ መጣ። ከአውሮፓው በተወሰደው የሕንፃ ኮዳችን መሠረት የመማሪያና የንባብ ክፍል ወለል በካሬ ሜትር እስከ 3 ኪሎ ኒውተን፣ በግርድፉ 300 ኪሎ፣ ጭነት ይታሰብለታል፤ ለመጽሐፍ ማከማቻ ግን 7.5፣ ማለትም 750 ኪሎ ገደማ ነው። ካርቶኖቹ በዚያው ቀን ወረዱ። በሩም ተመልሶ ተዘጋ።

ከዚያ እቅዱ ተገለበጠ። መጻሕፍቱ መሬት ላይ ባረፈው ወለል ቀሩ፣ የንባብና የኮምፒውተር ቦታው ወደ ላይ ወጣ። እንዲያውም ተሻለ፤ ላይኛው ፎቅ ፀሐይ ያገኛል፣ ሴራሚኩ ከመነጠፉ በፊትም የኤሌክትሪክ ቱቦ ወደ መሀል ተዘርግቶ ሶኬት ጠረጴዛዎቹ ድረስ ደረሰ።

እኔን እስካሁን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። የጽዳት ሠራተኛዋ እናታችን ስለ በሩ መጀመሪያ የነገሩት ለፎርማኑ ነበር፤ "እርስዎ ጥረጊያዎን ይሥሩ" ብሎ ነው የመለሳቸው። የትኛው መስኮት ውሃ እንደሚያስገባ፣ ልጆቹ የት የት እንደሚቀመጡ፣ የትኛው በር መቼ ማስቸገር እንደጀመረ ከሁላችን በላይ የሚያውቁት እሳቸው ናቸው። አሁን ማስፋፊያው ሊጀመር ነው። ስዕሉ ላይ እያንዳንዱ ወለል የሚችለው ክብደት እንዲጻፍ ጠይቀናል። የጽዳትና የጥበቃ ሠራተኞችም በእድሳት ኮሚቴው ስብሰባ እንዲገኙ ጠይቄ ነበር፣ ተፈቅዷል።